እንግዳ ዶሮ ከቤት ዶሮ ጋር ከመቀላቀሏ በፊት

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዕድር ስብሰባ ላይ ስለ ዶሮ መናገር ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ሳይመስላችሁ አይቀርም። «ስለ ድንኳኑና ስለ መዋጮው ስናወራ አርፍደን አሁን ደግሞ ዶሮ መጣ?» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን በዚህ ሰፈር የልጆቿን ደብተርም ሆነ የዕድር መዋጮዋን ከእንቁላል ሽያጭ የምትሸፍን እናት እንዳለች ሁላችንም እናውቃለን። ያሏት ዶሮዎች በአንድ ሳምንት ሲያልቁባት ለቅሶ አንቀመጥላትም፤ ጉዳቱ ግን የእውነት ጉዳት ነው። ስለዚህ ጥቂት ደቂቃ እንድትታገሡኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የምናገረው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። ከገበያ የመጣች ዶሮ ከቤቶቹ ጋር ከመቀላቀሏ በፊት ለብቻዋ መቆየት አለባት። ለስንት ቀን? ለ30 ቀን። ይህ ካልተቻለ ቢያንስ ለ21 ቀን።

ምክንያቱን ላስረዳ። በአገራችን የታወቀው ዶሮ ፈጅ በሽታ ፈንግል ነው። ባለሙያዎቹ ኒውካስል ይሉታል፤ በ1926 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ኒውካስል በተባለው ከተማ አካባቢ ታይቶ ስለ ነበር ነው ይህን ስም ያገኘው። የያዛት ዶሮ ትኮማተራለች፣ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፣ አረንጓዴ ተቅማጥ ያስቀምጣታል፣ ክንፏ ይወድቃል፣ አንገቷም ይጣመማል። ክትባት ባላገኙ ዶሮዎች መካከል ከገባ አብዛኞቹን፣ አንዳንዴም ሁሉንም ይጨርሳል። ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ቴትራሳይክሊን ካፕሱል ፈትቶ በውኃ መበጥበጥ እንደ ልማድ ሆኗል፤ ይሁን እንጂ ያ መድኃኒት የሚሠራው በባክቴሪያ ላይ ሲሆን ፈንግል ግን ቫይረስ ነው። ፌጦውም፣ ነጭ ሽንኩርቱም፣ አረቄውም አያድኑትም።

አሁን ዋናውን ነገር ልብ በሉልኝ። በሽታው ዶሮዋ ውስጥ ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ከ2 እስከ 15 ቀን ሊወስድ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ 5 ወይም 6 ቀን ነው። እንግዲህ ገበያ ላይ ዓይኗ ያበራ፣ ላባዋ ያማረ፣ በእጅ ሲመዝኗት ከበድ ያለች ዶሮ በሽታውን ይዛ ልትመጣ ትችላለች ማለት ነው። በገጠር ፈንግል ሲነሣ ደግሞ ባለቤቱ «የተረፉትን ሳይሞቱ ልሽጣቸው» ብሎ ወደ ገበያ ይወስዳቸዋል። ችግር ነው እንዲህ የሚያደርገው፣ በእርሱ አንፈርድም። እነዚያ ዶሮዎች ከየመንደሩ ከመጡት ጋር በአንድ ቅርጫት ታጭቀው፣ በመኪና ጣራ ላይ ተጭነው ሾላ ወይም መርካቶ ይደርሳሉ። ከዚያም ወደ እኛ ግቢ ይመጣሉ።

ፈንግል ብቻም አይደለም። ጉንፋን መሳይ በሽታ ይዟት የዳነች ዶሮ ድና እንኳ ሕመሙን ለሌሎች የምታስተላልፍበት ጊዜ አለ። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ኮክሲዲያ በኩስ ይተላለፋል። ቅማሉም በክንፍ ሥር ተደብቆ ይመጣል።

አንዲት ጎረቤታችን ፈቅዳልኝ የእርሷን ልናገር። 14 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ነበሯት። ለፋሲካ አንድ አውራ ዶሮ ተገዛና ሁለት ቀን ከዶሮዎቹ ቤት አጠገብ በእግሩ ታስሮ ሰነበተ፤ ከአንድ ጣሳም ውኃ ጠጡ። አውራው ምንም ሳይታይበት ለበዓሉ ታረደ። በሳምንቱ ዶሮዎቹ መሞት ጀመሩ፤ የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ አይቶ «ፈንግል ነው» አለ። የተረፉት ሁለት ናቸው። ከአውራው ይሁን ከሌላ ቦታ እንዴት ይረጋገጥ? ምስክሩ ወጥ ሆኖ ተበልቷል!

ከዚህ የምንማረው፣ እንግዳ ዶሮ ማለት ልናረባት ያመጣናት ብቻ አለመሆኗን ነው። ለሁለት ቀን የምትታሰረው የበዓል ዶሮም እንግዳ ናት። እርሷን 30 ቀን አቆዩ አልልም፤ ከቤቶቹ አርቃችሁ እሰሩ፣ በሌላ ዕቃ አጠጡ፣ ስትታረድ ላባዋንና የሆድ ዕቃዋን ዶሮ በሚጭርበት ቦታ አትጣሉ፣ ቅበሩት።

ለማርባት የመጣችውን ግን እንደሚከተለው ማድረግ ይገባል።

አንደኛ፣ ቦታ። በተቻለ መጠን ከቤት ዶሮዎች የራቀ ይሁን። የሽቦ አጥር ብቻ አይበቃም፤ ትንፋሹም ብናኙም ያልፋልና። ግድግዳ ቢለያቸው ይመረጣል። «ኧረ የእኔ ግቢ ከመዳፍ አይሰፋም» የሚል አይጠፋም። እንግዲያው ዶሮ የሌለው ጎረቤት ይፈለግ። 30 ቀን ያቆይላችሁ፣ የጣለችውን እንቁላል እርሱ ይውሰድ። ለዚህ ካልሆነ ጉርብትና ለምን ይሆናል?

ሁለተኛ፣ ዕቃ። የመኖ ሳህኑ፣ የውኃ ጣሳውና መጥረጊያው ለእንግዶቹ የተለየ ይሁን። ቫይረሱ በጫማ፣ በእጅና በልብስ ይሄዳል። ስለዚህ ሁልጊዜ ቀድማችሁ የቤቶቹን አብሉ፤ እንግዶቹ መጨረሻ ላይ ይሁኑ። ለእነርሱ ብቻ አንድ አሮጌ ኮንጎ ጫማ አስቀምጡ። ስትወጡ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ዕቃውን በበረኪና ከመዘፍዘፋችሁ በፊት ኩሱን በሳሙና አጥቡ፤ በኩስ ላይ የፈሰሰ በረኪና ብዙ አይሠራም። ልጆች ከአንዱ ወደ ሌላው እንዳይመላለሱ ንገሯቸው።

ሦስተኛ፣ ማየት። በመጣችበት ቀን ክንፏን ገልጣችሁ፣ ከጅራቷም ሥር ቅማል ፈልጉ። ከዚያም ጧት ጧት መብላቷን፣ አተነፋፈሷንና ኩሷን ተመልከቱ።

አራተኛ፣ ክትባት። የፈንግል ክትባት እዚሁ አገራችን፣ ቢሾፍቱ ይመረታል። የተከተበች ዶሮ መከላከያዋ እስኪጠነክር ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል፤ ስለዚህ በተከተበች ማግሥት አትቀላቅሏት። አንዳንዱ «ሻጩ ተከትባለች ብሎኛል» ብሎ ወዲያው ይለቃታል። የተከተበች ዶሮ ራሷ ሳትታመም ቫይረሱን ለሌሎች ልትረጭ ትችላለች። ስለዚህ የቤቶቹም መከተብ አለባቸው፤ ክትባቱም በባለሙያው ምክር በየጊዜው ይደገማል።

አምስተኛ፣ ምስክር ዶሮ። ቀኑ ሲያልቅ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትቀላቅሉ። ከቤቶቹ አንዷን ብቻ ወስዳችሁ ከእንግዶቹ ጋር ሁለት ሳምንት አኑሯት። እርሷ ደኅና ከሆነች ሥጋቱ በጣም ቀንሷል። ብትታመም የጠፋው አንድ ዶሮ ነው፣ ሌሎቹ ተርፈዋል።

እንግዳዋ ለብቻዋ ሳለች ብትሞትስ? ማዘን ያለ ነው፤ ግን ያ ሁሉ ድካም ለዚህ ቀን ነበር። ሬሳዋን ለውሻ አትስጡ፣ ቦይ ውስጥም አትጣሉ። ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩ። የቀሩትን «ሳይሞቱብኝ» ብላችሁ ለማንም አትሽጡ። ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ አመልክቱ።

ከዚህም በላይ ለጎረቤት ንገሩ። ብዙዎቻችን ዶሮ ሲሞትብን ሰው «ቤቷ ቆሻሻ ነው» እንዳይለን በሌሊት ቀብረን ዝም እንላለን። የዶሮ በሽታ ነውር አይደለም። ነውሩ የጎረቤት ዶሮ ባጥር ሾልኮ እየገባ ሲጭር እያዩ ዝም ማለት ነው። በጊዜው የሰማ ጎረቤት ዶሮዎቹን ይዘጋል፣ ሰፈሩም ይተርፋል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

በመጨረሻም አንድ ሐሳብ ላቅርብ። የፈንግል ክትባት ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላ ግን ለነገ አያድርም። አምስት ዶሮ ያላት አንዲት ሴት ለብቻዋ ብትገዛው አብዛኛው ይደፋባታል። በየቀጠናችን ዶሮ ያለን ተመዝግበን፣ ባለሙያውን በአንድ ቀን ጠርተን፣ ወጪውን በዶሮ ቁጥር ብንካፈል ለሁላችንም ይቀላል። ከበዓላትና ከክረምት መግቢያ በፊት ብናደርገው ደግሞ መልካም ነው። ኮሚቴው ቢቀበለው በየቀጠናው ለመመዝገብ ፈቃደኛ ነኝ።

ዕድራችን ሰው ሲሞት ጡሩምባ ያስነፋል፤ ማንም ብቻውን እንዳይቀብር ነው። ዶሮ ሲሞት ጡሩምባ ይነፋ አልልም። በአጥር በኩል «እታለም፣ ዶሮሽን ዝጊ» ማለት ግን ለማናችንም አያቅተንም።