ውሻ ሳይናገር አይነክስም

(በሠፈራችን ነዋሪዎች ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። በዕለቱ ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲደርስ በዚህ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል።)



በዛሬው ዕለት እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ «ውሻ ከሰው ጋር እንዴት ይግባባል» የሚል ነው። አንዳንዶቻችሁ «የመንገዱ፣ የውኃው ጉዳይ እያለ ስለ ውሻ ነው እንዴ የምንሰበሰበው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ነገር ግን ጉዳዩ የውሻ ብቻ ሳይሆን የልጆቻችን ሕይወት ጉዳይ ነው። በዓለም ላይ የእብድ ውሻ በሽታ ከያዛቸው ሰዎች መካከል ከ100 እስከ 99 ያህሉ በሽታው የተላለፈባቸው ከውሻ ነው። ከሚጎዱትም መካከል ከ5 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች ብዙ ናቸው።

በመቱም ሆነ በጎሬ፣ በሁሩሙም ሆነ በያዮ ውሻ የሌለበት ሠፈር የለም። ከከተማው ዳር ያለው ገበሬ በቆሎውን ከዝንጀሮና ከከርከሮ የሚጠብቀው ከውሻው ጋር ነው። በከተማም ግቢ የሚጠብቅ አለ፣ ከሥጋ ቤት ደጃፍ የማይጠፋ አለ፣ መናኸሪያ አካባቢ የሚያድር አለ። እንግዲህ ከዚህ ፍጡር ጋር አብረን የምንኖር ከሆነ ቋንቋውን ማወቅ ግድ ይለናል።

በመጀመሪያ ደረጃ፣ ውሻ የእኛን ቋንቋ እኛ ከምንገምተው በላይ ያውቃል። በእኛ አገር ውሻ «ና» ሲሉትም ይመጣል፣ «ኮቱ» ሲሉትም ይመጣል፤ ሁለት ቋንቋ ይሰማል ማለት ነው። በአሜሪካ ቼዘር የተባለች አንዲት ውሻ ከ1,000 በላይ የአሻንጉሊቶችን ስም ለይታ ማወቋን ያስተማሯት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2011 አስታውቀዋል። ከቃል ይበልጥ ግን ውሻ የሚያነበው እንቅስቃሴያችንን ነው። በጣታችን ወደ አንድ ነገር ብንጠቁም ጣታችንን ሳይሆን የተጠቆመውን ነገር ያያል። ተዘግቶ የማይከፈት ነገር ሲገጥመው ደግሞ ዞር ብሎ የሰው ፊት ያያል። በሰው እጅ ያደገ ተኩላ እንኳ ይህን እንደ ውሻ እንደማያደርግ የሃንጋሪ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 አሳይተዋል።

ሩቅ ሳንሄድ ግን ማስረጃው ከደጃችን አለ። መንገድ ላይ ውሻ ሲመጣባችሁ ጎንበስ በሉ እስቲ! ድንጋይ ሳታነሱ ገና ይሸሻል። ለምን? የሰው ልጅ ወገቡን ሲያጥፍ ምን እንደሚከተል ተምሯላ! እንግዲህ እሱ የእኛን እንዲህ ሲያውቅ፣ እኛስ የእሱን እናውቃለን ወይ?

«የሚጮህ ውሻ አይናከስም» የሚል ተረት አለን። ተረቱ ለፎካሪ ሰው የተተረተ ነውና ለውሻ አይሠራም። የሚጮህ ውሻም ይነክሳል። ጩኸቱ ግን ንግግር ነው። ለጅብ የሚጮኸው፣ ለእንግዳ የሚጮኸውና ለጌታው በደስታ የሚጮኸው አንድ አይደለም፤ ባለቤቱ ከመኝታው ሳይነሣ ይለየዋል።

ጭራም እንደዚሁ ነው። ብዙ ሰው ጭራውን የሚቆላ ውሻ ሁሉ ደስ ያለው ይመስለዋል። ሰውነቱን ሁሉ እያወዛወዘ፣ ጭራውን ዘና አድርጎ የሚቆላ ከሆነ እውነት ነው። ነገር ግን ጭራውን ወደ ላይ አቁሞ፣ ሰውነቱን አድርቆ፣ በአጭሩ የሚያርገበግብ ከሆነ «አትጠጋኝ» ማለቱ ነው። ጭራውን በእግሮቹ መሐል የወሸቀ ደግሞ ፈርቷል። የፈራ ውሻ መውጫ ካጣ ይነክሳል።

ጤነኛ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ከመንከሱ በፊት ደረጃ በደረጃ ይናገራል። መጀመሪያ ፊቱን ያዞራል፣ ከንፈሩን ይልሳል፣ እንቅልፍ ሳይኖርበት ያዛጋል፤ ይህ «ተወኝ» ማለት ነው። ቀጥሎ ጆሮውን ወደ ኋላ ያጥፋል፣ የዓይኑ ነጭ ይታያል፣ እንደ ግንድ ድርቅ ይላል። ከዚያ ያጉረመርማል፣ ጥርሱን ያሳያል። ንክሻው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ልጁ ግን ይህን አያነብም። ውሻው እየበላ ሳለ ይነካዋል፣ ቡችሎቿን የምታጠባዋን እናት ይጠጋታል፣ በሰንሰለት የታሰረውን ይተነኩሳል። ስለዚህ ውሻው ተናግሯል፤ ያልሰማነው እኛ ነን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላሳስብ። ውሻ ሲያጉረመርም በዱላ የምንመታው ከሆነ ማጉረምረሙን ይተዋል፤ ፍርሃቱን ግን አይተውም። በሚቀጥለው ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። በየመንገዱ ልጆች ድንጋይ የሚወረውሩበት ውሻም ልጅ ባየ ቁጥር ጠላት የመጣበት ይመስለዋል።

ለልጆቻችን ልናስተምራቸው የሚገባው ቀላል ነው። የማያውቁት ውሻ ሲመጣባቸው አይሩጡ፣ አይጩኹ፣ ዓይን ለዓይን አይግጠሙት። እንደ ዛፍ ቀጥ ብለው፣ እጃቸውን ሰብስበው ይቁሙ። ከወደቁ ደግሞ ተጠቅልለው ጆሮአቸውንና አንገታቸውን በእጃቸው ይሸፍኑ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በእብድ ውሻ በሽታ የተያዘ ውሻ ቋንቋው ይበላሻል። ጨዋ የነበረው ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይነክሳል፤ ከሰው ይሸሽ የነበረው ተለማምጦ ይጠጋል። ድምፁ ይሻክራል፣ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ እንጨትና አፈር ያኝካል፣ ያለ ዓላማ ይዞራል። አንዳንዱ ደግሞ አይቆጣም፤ ጥግ ይዞ ይተኛል፣ አገጩ ይንጠለጠላል፣ መዋጥ ያቅተዋል። ባለቤቱ «አጥንት ተሰንቅሮበት ነው» ብሎ እጁን ወደ ጉሮሮው ይሰዳል። ይህን ከቶ እንዳታደርጉ! በሽታው ያለው ለሃጩ ውስጥ ነው። የምታውቁት ውሻ ጠባዩ በድንገት ከተለወጠ ያ ለውጥ ራሱ መልእክት ነው።

ሰው ከተነከሰ፣ ወይም የቆሰለ ገላው በለሃጭ ከተነካ፣ ወዲያውኑ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ ነው። ቀጥሎ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ነው፤ በሳምንት ሊታይ፣ ዓመትም ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ «ይኸው ወር ሆነኝ፣ ምንም አልሆንኩም» ማለት ዋስትና አይሆንም። ምልክቱ አንዴ ከታየ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። የሚጸልይ ይጸልይ፣ ጠበልም የሚሄድ ይሂድ፤ ነገር ግን መርፌውን አያስቀር፣ ቀንም አያሳልፍ። የክትባቱን መንገድ የከፈተው ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1885 በእብድ ውሻ የተነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ ዮሴፍ ማይስተርን ከተበው፤ ልጁም ተረፈ። ድሮ ሆድ ላይ ለብዙ ቀን ይወጋ የነበረውን መርፌ በማስታወስ የሚፈራ ሰው አለ፤ ዘመናዊው ክትባት ግን በጥቂት ቀጠሮ ክንድ ላይ የሚሰጥ ነው።

የነከሰው ውሻ ባለቤቱ የታወቀ ከሆነ ገድሎ መጣል አይገባም። ለ10 ቀን ለይቶ፣ አስሮ መጠበቅና ለእንስሳት ሐኪም ማስታወቅ ነው። በ10 ቀን ውስጥ ከታመመ ወይም ከሞተ ሐኪሙ ያንን ማወቅ አለበት። የተነከሰው ሰው ግን ክትባቱን ለመጀመር 10 ቀን አይጠብቅም።

በየመንገዱ መርዝ መበተንም መፍትሔ አይሆንም። በሞተው ውሻ ቦታ ሌላው ይመጣል፤ መርዙም ከብትና ልጅ ይጎዳል። በሽታው የሚቆመው ከውሾቹ ከ100 ቢያንስ 70 ያህሉ ሲከተቡ ነው።

በመሆኑም የሚከተለውን እንድንስማማበት አሳስባለሁ፤

1ኛ. ውሻ ያለው ሁሉ በየዓመቱ ያስከትብ። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን የሚውለው ከመስቀል ማግስት፣ መስከረም 18 ገደማ ስለሆነ ያንን ወቅት ማስታወሻ እናድርገው።

2ኛ. ጠባዩ የተለወጠ ውሻ ያየ ሰው ለጎረቤትና ለእንስሳት ሐኪም በዚያው ቀን ይንገር።

3ኛ. ልጅ መነከሱን ቢደብቅ የሚሞተው እሱ ነው። ልጆች ውሻ ሲተነኩሱ ብናገኛቸው እንምከራቸው፤ ተነክሰው ሲመጡ ግን «ማን ነካካ አለህ!» ብለን አንቆጣ። ቁጣ የሚፈራ ልጅ ይደብቃልና።

ውሻ በአቅሙ ይነግረናል። ልጆቻችንም እንዲነግሩን ጆሮ እንስጣቸው።