የአሻንጉሊቱ ባቡር መስመር መቀየሪያ እንቢ ሲል
(ለአዲስ ገቢ ወላጆችና ልጆች የተደረገ ንግግር)



በስጦታም ሆነ በግዢ የኤሌክትሪክ ባቡር ቤታችሁ ገብቶ እንደሆነ፣ ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ከሩቅ በቁልፍ የሚታዘዘው የመስመር መቀየሪያ ነው። ልጁ ቁልፉን ይጫናል፤ ባቡሩ ግን በታዘዘበት መስመር አይሄድም። ያን ጊዜ ወላጅ «ሰበርከው» ብሎ ይቆጣል። ዕቃው ግን ላይሰበር ይችላል።

በመጀመሪያ አሠራሩን እንወቅ። ሐዲዱ በሚለያይበት ቦታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚሄድ ምላስ አለ። በጎኑ ባለችው ትንሽ ሣጥን ውስጥ ሁለት የሽቦ ጥቅሎችና አንድ የብረት ዘንግ ይገኛሉ። አንዱ ቁልፍ ሲነካ ዘንጉ ወደ ግራ፣ ሌላው ሲነካ ወደ ቀኝ ይሳባል። ስለዚህ ሦስት ሽቦዎች አሉ፤ አንዱ የጋራ፣ ሁለቱ የየጎኑ ናቸው። ሞተር ያለው ወይም ዲጂታል የሆነው ዓይነት አሠራሩ ስለሚለይ መመሪያውን ተመልከቱ።

ልጆች፣ ይህን ልብ በሉ። ቁልፉ የሚነካው ለቅጽበት ብቻ ነው። ተጭናችሁ ከቆያችሁ ጥቅሉ ይግላል፤ ሊቃጠልም ይችላል። የሚቃጠል ነገር ከሸተታችሁ ወዲያው ለወላጅ ተናገሩ። ወላጆችም አትቆጡ፤ ቁጣ የፈራ ልጅ ሽታውን ይደብቃልና።

በእስራኤል የግድግዳው ኤሌክትሪክ 230 ቮልት ነው። በዕብራይስጥ «ሻናይ» የሚባለው ትራንስፎርመር ይህን ወደ 16 ቮልት አካባቢ ዝቅ ያደርገዋል። እርሱን ፈጽሞ አትክፈቱ። ገመዱ ከተላጠ ወይም ሣጥኑ ከመጠን በላይ ከጋለ ነቅላችሁ ተዉት። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ከሆነም እዚህ አይሰካም።

አሁን ጉድለቱን በተራ እንፈልግ። ሽቦና ሐዲድ ከመንካታችሁ በፊት ሁልጊዜ ከግድግዳው ንቀሉ።

አንደኛ፣ ምላሱን በጣት ቀስ ብላችሁ ግፉት። ከተያዘ ጠጠር፣ ፀጉር ወይም የምንጣፍ ክር ገብቶ ይሆናል፤ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት። ሐዲዱ ከጣውላው ጋር በብሎን በጣም ጠብቆ ከተጣመመም ብሎኑን ትንሽ አላሉት። ዘይት አታፍስሱበት።

ሁለተኛ፣ ሰክታችሁ ሁለቱንም ቁልፎች በየተራ ለቅጽበት ንኩና ስሙ። በሁለቱም ምንም ድምፅ ከሌለ የጋራውን ሽቦና የትራንስፎርመሩን መውጫ ተመልከቱ። ብዙ ትራንስፎርመሮች ሁለት መውጫ አላቸው፤ አንዱ ለባቡሩ ፍጥነት ከፍና ዝቅ የሚል፣ ሌላው ለመቀየሪያና ለመብራት የማይለዋወጥ ነው። መቀየሪያው በሁለተኛው ላይ መታሰር አለበት።

ሦስተኛ፣ በአንድ ጎን ብቻ እንቢ ካለ፣ ነቅላችሁ የየጎኑን ሁለት ሽቦዎች መቀየሪያው ሣጥን ላይ አለዋውጧቸው። ሰክታችሁ እንደገና ስትሞክሩ ምላሱ አሁንም ወደዚያው ጎን እንቢ ካለ የተበላሸው ጥቅሉ ነውና መቀየሪያው ይለወጥ። እንቢታው ወደ ሌላው ጎን ከዞረ ግን ጥቅሎቹ ደህና ናቸው፤ ጉድለቱ በቁልፉ ወይም በሽቦው ላይ ነው።

አራተኛ፣ ድምፅ እያሰማ ምላሱ ከመንገድ ከቀረ ኃይል አንሶታል። ሽቦው በጣም ቀጭንና ረጅም ከሆነ በወፍራምና በአጭር ለውጡት፤ ሁለት መቀየሪያም ባንድ ጊዜ አትንኩ። ምላሱ ከሐዲዱ ጋር በደንብ ካልገጠመ ባቡሩ ከመስመር ይወጣል።

አንድ ነገር ሳትጨርሱ ወደ ሌላው አትዝለሉ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና።

ወላጆች፣ «ዕብራይስጥ አላውቅም፣ ይህ የልጆች ነገር ነው» አትበሉ። ከእናንተ መካከል ማረሻ የቀጠቀጠ፣ ሸማ የሠራ አለ። ሸማኔ ክሩ የተበጠሰበትን ቦታ ሳያገኝ ጨርቁን አይጥልም። ልጁ የመመሪያውን ወረቀት ያንብብላችሁ፤ እናንተም ትዕግሥታችሁንና እጃችሁን አውሱት።