ለቤት ወርክሾፕ ጉልበት ያለው መጋዝ ስለ መምረጥ
(በማኅበሩ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በግቢው ጥግ ቆርቆሮ አጥሮ የእንጨት ሥራ የሚሠራ ሰው ጥቂት ዓመት ከቆየ በኋላ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «ይህን ደካማ መጋዝ ሸጬ ጉልበት ያለው ልግዛን?» የሚል ነው። ጥያቄው ተራ ይምሰል እንጂ የቤተሰብ ገንዘብና የሰው ጣት የሚወሰንበት ነው። መሐንዲስ ጎረቤት ያለው ሰው ደግሞ መልሱን የሚጠብቀው ከዚያው ጎረቤቱ ነው።

ለምሳሌ ያህል አዲስ አበባ የሚኖር አንድ መምህር ይታሰብ። ከሥራ ሰዓት ውጭ በርና ቁም ሣጥን ይሠራል። መሣሪያው 1.1 ኪሎዋት ሞተርና 250 ሚሊሜትር ምላጭ ያለው የጠረጴዛ መጋዝ ነው። ቀጭን ጣውላ ያለ ችግር ይቆርጥለታል። 5 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለውን ደረቅ ባሕር ዛፍ በርዝመቱ ሊሰነጥቅ ሲሞክር ግን ሞተሩ ያጓራል፤ ፍጥነቱ ይወርዳል፤ የእንጨቱም ጠርዝ ተቃጥሎ ይጠቁራል። መምህሩም ያጠራቀመውን ይዞ ባለ 3 ኪሎዋት መጋዝ ሊገዛ ይነሣል።

ከመነሣቱ አስቀድሞ መመርመር የሚገባው አናጢዎች ዲስክ የሚሉት ክብ ምላጭ ነው። 60 ጥርስ ያለው ምላጭ እንጨትን በአግድም ሲቆርጥ ንጹሕ ጠርዝ ይሰጣል። በርዝመቱ ሲሰነጥቅ ግን በጥርሶቹ መካከል ያለው ጠባብ ክፍተት ፈጥኖ ይሞላና ሰጋቱራው መውጫ ያጣል፤ መቁረጡም ወደ መፋተግ ይለወጣል። ለመሰንጠቅ የሚስማማው 24 ጥርስ ገደማ ያለው ነው። የቅዱ ስፋትም የራሱ ሒሳብ አለው። 3.2 ሚሊሜትር የሚቀድ ምላጭ 2.4 ሚሊሜትር በሚቀድ ቢተካ፣ ወደ ሰጋቱራ የሚለወጠው እንጨት በሩብ ይቀንሳል፤ ከሞተሩ የሚጠየቀውም ጉልበት በዚያው ገደማ ይቀልላል። ሙጫ የያዘውን ምላጭ ማጠብ፣ የዶለዶመውን መሳል ደግሞ ከሁሉ የረከሰው የጉልበት ጭማሪ ነው። የጉልበት ማነስ የሚባለው በሽታ ብዙ ጊዜ የስለት ማነስ ሆኖ ይገኛል።

ቀጥሎ የሚመጣው ሽቦው ነው። የኢንዳክሽን ሞተር የመጠምዘዝ ኃይል ከቮልቴጁ ካሬ ጋር እንደሚመጣጠን ለዚህ ጉባኤ መንገር ድፍረት ይሆናል፤ ነገር ግን መሐንዲሱም ራሱ በገዛ ግቢው ይህን ሲዘነጋው ይታያል። መጋዙ ከቆጣሪው 30 ሜትር ርቆ፣ ኃይሉም በ1.5 ሚሊሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ የሚመጣ ከሆነ፣ የመሄጃውና የመመለሻው ተቃውሞ በድምሩ 0.7 ኦም ያህል ነው። ባለ 3 ኪሎዋት ነጠላ ፌዝ ሞተር በሙሉ ጭነት 19 አምፔር ገደማ ስለሚስብ፣ ከ220ው ቮልት 13ቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ሲነሣ 90 አምፔር ቢስብ ደግሞ የሚጠፋው ከ60 ቮልት ይበልጣል፤ የመነሻ ኃይሉም ወደ ግማሽ ይወርዳል። በዚህ ላይ የሰፈሩ ቮልቴጅ ምሽት ላይ ወደ 190 ዝቅ ቢል፣ የሽቦው ጉዳይ ሳይቆጠር፣ ከመጠምዘዝ ኃይሉ ሩቡ ያንሳል። 16 አምፔር የሚችለው የቤት ሶኬትም ቢሆን ለእንዲህ ያለው ሞተር አልተሠራም። እንግዲህ አዲሱ መጋዝ በአሮጌው መስመር ላይ ከተተከለ መምህሩ በብዙ ብር የገዛው ሙቀት ነው ማለት ነው።

ሞተሮች በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚመዘኑት እስከ 1,000 ሜትር ላለው ከፍታ መሆኑም አይረሳ። በ2,300 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተርን በሚገባ አያቀዘቅዝም፤ በሞተሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር አዲስ አበባ ላይ ሙሉ በሙሉ አይታመንም።

አሜሪካ ያለ ዘመድ የሚልከውም መጋዝ አለ። ብዙ ሰው «ትራንስፎርመር ይገባለታል» ብሎ ይጽናናል። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ድግግሞሹን አይለውጥም። ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ኢንዳክሽን ሞተር በ120 ቮልትና በ50 ኸርዝ ሲሠራ ፍጥነቱ በስድስተኛ እጅ ይቀንሳል፤ መግነጢሳዊ ፍሰቱ በአምስተኛ እጅ መብዛት ስለሚሻ ብረቱ ይሞላል፤ ጠምጠማውም ይግላል። ባለ ካርቦን ብሩሽ ሞተር ይህ ችግር የለበትም፤ ጩኸቱን የሚችል ጎረቤት ከተገኘ።

ምላጩና መስመሩ ከተስተካከሉ በኋላም ሥራው በየቀኑ 7 ሴንቲሜትር የሚደርስ ጠንካራ እንጨት መሰንጠቅ ከሆነ፣ ጉልበት በእርግጥ ያስፈልጋል። ደካማ መጋዝ ሠራተኛውን እንጨቱን በኃይል እንዲገፋ ያስገድደዋል፤ በኃይል የሚገፋ እጅ ደግሞ ሲያመልጥ ወደ ምላጩ ነው። ለመኖሪያ ቤት 2.2 ኪሎዋት የሆነ ነጠላ ፌዝ ኢንዳክሽን ሞተር በቂ ነው፤ የሚስበው 14 አምፔር ገደማ ሲሆን፣ በ4 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦና ለብቻው በተመደበ ብሬከር ያለ ጭንቀት ይሠራል። ከዚያ በላይ ያለው ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ላስገባ ሰው ይተው።

ጉልበት ሲጨምር ግን አደጋውም መልኩን ይለውጣል። በደቂቃ 2,850 ጊዜ የሚዞር የ250 ሚሊሜትር ምላጭ የጠርዙ ፍጥነት በሰከንድ 37 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት ከ130 ኪሎሜትር በላይ ነው። የተሰነጠቀው እንጨት ተመልሶ ምላጩን ሲጨብጥ ደካማው ሞተር ሊቆም ይችላል፤ ኃይለኛው ግን እንጨቱን ወደ ሠራተኛው ይወረውረዋል። አሜሪካዊው ስቲቨን ጋስ የፈለሰፈውና በ2004 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ሶውስቶፕ የሰው ገላ ሲነካው ምላጩን በ5 ሚሊሰከንድ ገደማ ውስጥ ያቆማል። ዋጋው ውድ ነው፤ ጣትን ቢያድንም የሚወረወረውን እንጨት አያስቀርም።

ይህን የሚከላከለው ከምላጩ በስተኋላ ቆሞ ከምላጩ ጋር አብሮ ከፍና ዝቅ የሚለው፣ የተሰነጠቀውን እንጨት እንዳይገጥም የሚለየው ቀጭን ብረት ነው። ይህ ብረት የሌለው መጋዝ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ መገዛት የለበትም። ውፍረቱም መለካት አለበት። ከላይ የተመሰገነው ምላጭ 2.4 ሚሊሜትር ቀድዶ መለያ ብረቱ 2.5 ከሆነ፣ እንጨቱ መሐል ላይ ይያዛል፤ ሠራተኛውም ተናድዶ ብረቱን ይነቅለዋል። ስለሆነም ገዢው ካሊፐር ይዞ ሄዶ፣ ብረቱ ከቅዱ የቀጠነ፣ ከምላጩ አካል ግን የወፈረ መሆኑን ከሱቁ ሳይወጣ ያረጋግጥ።