ምርቃናው ሲወርድ

ሾፌሮችም ረዳቶችም ተገኝታችኋል። የስምሪት ክፍል ሰዎችም መምጣታችሁ ደግ ነው፤ ነገሩ እናንተንም ይነካል።

ጫት የሚቅም ሁሉ መጥፎ ሰው ነው ልላችሁ አልመጣሁም። ብዙዎቻችሁ መንገድ ላይ የምትቅሙት ለጨዋታ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከጅቡቲ የተጫነው ዕቃ በጋላፊ ገብቶ፣ ሚሌን አልፎ፣ ሳይነጋ አዋሽ ይድረስ ስለተባለ ነው። ጋቢና ውስጥ ፌስታሉ፣ ለውዙና ኮካው የሚደረደረው እንቅልፍን ለመግፋት ነው።

ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ንጥረ ነገር አለ። ቅጠሉ ሲጠወልግ ኃይሉ ስለሚቀንስ ነው ሁላችሁም ትኩሱን የምታሳድዱት። ታዲያ ካቲኖን ድካምን ይደብቃል እንጂ አያጠፋም። ምርቃናው ሲወርድ የተደበቀው ሁሉ ባንዴ ይመጣል፤ ዓይን እንደተገለጠ አእምሮ ለሰከንዶች ሊያሸልብ ይችላል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ3 ሰከንድ 50 ሜትር ይጓዛል። ተሳቢ የሚጎትት መኪና ሃምሳ ሜትር ያለ ሾፌር ሄደ ማለት ነው። ከፊት በሚመጣው ሚኒባስ ውስጥ ያሉት ደግሞ አልቃሙም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ጨብሲው ነው። ጭነቱ ተራግፎ እንቅልፍ እምቢ ሲል ምርቃናውን በቢራ ወይም በአረቄ ትሰብሩታላችሁ። ጠዋት ራስ ከብዶ፣ ሀራራው መጥቶ፣ እንደገና ወደ ጫቱ። በጫት የጀመረ ሰው እንዲህ እያለ ሳያስበው ጠጪ ይሆናል። አበሉ እዚያው መንገድ ላይ ያልቅና ቤት ውስጥ ዘይቱም ዱቄቱም በዱቤ ይሆናል። ለእርዳታ ቀድመው ወደኛ የሚመጡትም ብዙ ጊዜ ሚስቶች ናቸው፤ ባላቸው እንቅልፍ እንዳጣ፣ በሆነው ባልሆነው እንደሚጠራጠራቸው ይነግሩናል። ለወገብ ሕመም ተብሎ የሚዋጠው ትራማዶልም አለ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትንኩት፤ ከአልኮል ጋር ሲሆን ትንፋሽን እስከማቆም ይደርሳል።

ማቆም የምትፈልጉ፣ በየቀኑ አብዝታችሁ የምትጠጡ ከሆነ በድንገት ብቻችሁን አታቁሙ፤ መንቀጥቀጥና የሚጥል ዓይነት ሕመም ሊያመጣ ስለሚችል ሐኪም ይከታተላችሁ። አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣል። መጀመሪያ እኔን ማነጋገር የሚሻለው ካለም በሬ ክፍት ነው፤ የሚነግረኝ ነገር ወደ ሰው ኃይል ፋይል አይገባም።

እናንተ የስምሪት ሰዎች ደግሞ፣ መኪናው የሚደርስበትን ሰዓት በደቂቃ ትመዘግባላችሁ። ሾፌሩ የሚተኛበት ሰዓት የትኛው ቅጽ ላይ ነው ያለው? ሌሊቱን ሙሉ ንዳ ብሎ ልኮ፣ ለምን ቃምክ ብሎ መቅጣት አያስኬድም። ለጥያቄ ጊዜ አለን፤ መጀመሪያ ግን ከእናንተ መልስ እንስማ።