ማስታወቂያ የመሰለኝ ደብዳቤ

በማኅበራችን የሩብ ዓመት ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በገንዘብ ያዧ የቀረበ ንግግር



ሁልጊዜ ከፊታችሁ የምቆመው ገቢና ወጪ ለማንበብ ነው። ዛሬም ቁጥር ይዤ መጥቻለሁ፤ ግን የገንዘብ ሳይሆን የክብደት ቁጥር ነው። ከቁጥሩ ጋር የራሴንም ጥፋት ይዤ ነው የመጣሁት። እኔ በዝምታ ባልፈው ነገ ሌላዋ እህቴ ትደግመዋለች ብዬ ፈራሁ።

ነጩን ቫናችንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከዕቁባችን፣ ከማኅበሩ ቁጠባና ከለጋሾቻችን ድጋፍ ተጠራቅሞ የተገዛ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ ላሉ ሱቆች እንጀራና የጤፍ ዱቄት የምናደርሰው፣ ለሠርግና ለለቅሶ ምግብ የምናመላልሰው በእሱ ነው። ስድስት እናቶች የቤት ኪራያቸውን የሚከፍሉት ከዚህ ሥራ በሚያገኙት ገቢ ነው።

በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ስለዚህ መኪና አንድ ደብዳቤ በፖስታ መጣ። እንደምታውቁት መኪና ያለው ሰው ቤት የማይመጣ ወረቀት የለም። «የመኪናዎ ዋስትና ሊያልቅ ነው፣ ይደውሉ» የሚለው ብቻ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይመጣል። እኔም ያው ነው ብዬ ሳልከፍተው መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። እዚያው ሦስት ወር ተኛ።

በመካከሉ ፋሲካ ደረሰ። የቅዳሜ ሹር ጭነት ምን እንደሚመስል የሠራችሁበት ታውቁታላችሁ። 80 ከረጢት የጤፍ ዱቄት ጫንን፤ አንዱ 25 ፓውንድ ነው፣ በድምሩ 2,000 ፓውንድ። የእንጀራው ፓኬት 750 ፓውንድ ያህል፣ ጠረጴዛውና የምግብ ማሞቂያው 450 ያህል። ሹፌራችንና ረዳቷ ሲጨመሩ 300። ሁሉም ሲደመር 3,500 ፓውንድ ሆነ።

ሹፌራችን አንድ ዙር ሰፈሩን ዞራ ተመለሰችና፣ «እትዬ፣ መኪናው ዛሬ ከብዶታል፤ ፍሬን ስይዝ ቶሎ አይቆምልኝም» አለችኝ። እኔም የሾፌሩን በር ከፍቼ ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አነበብኩ። የሰውና የዕቃ ክብደት ከ3,700 ፓውንድ አይብለጥ ይላል። «ገና 200 ፓውንድ ይቀረናል፤ ወረቀቱ ይችላል ብሏል። በይ እግዜር ይከተልሽ» ብዬ ሸኘኋት። እሷም አክብራኝ ሄደች።

በሰኔ ወር የኢንሹራንስ ወረቀት ፈልገን መሳቢያውን ስንገለብጥ፣ ፋይል የምታስተካክልልን የአንዷ አባላችን ልጅ ያንን ፖስታ ከፈተችው። «እትዬ፣ ይሄ እኮ ማስታወቂያ አይደለም፤ ሪኮል ነው» አለችኝ። አምራቹ በበሩ ምሰሶ ላይ የለጠፈው የክብደት ጽሑፍ ስህተት እንደሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ ነበር። ትክክለኛው ቁጥር 3,200 ፓውንድ ነው። 200 ፓውንድ ይቀረናል ብዬ የሸኘኋት ቀን፣ መኪናው 300 ፓውንድ አልፎ ነበር። የሹፌራችን እግር ያወቀውን እኔ በወረቀት ሻርኩት።

አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ የተሳሳተች ወረቀት ምን ታመጣለች?» ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። የመኪናው ጎማ፣ ፍሬን፣ ሞላና አክስል የተሠሩት ለተወሰነ ክብደት ነው። ክብደቱ ሲያልፍ መኪናው ለመቆም ረጅም መንገድ ይፈልጋል፣ ሲታጠፍም ይወላገዳል። ጎማው ከልክ በላይ ይሞቃል፤ ነፋሱ ካነሰ ደግሞ ይብስበታል፣ በፈጣን መንገድ ላይም ሊፈነዳ ይችላል። ደብዳቤውን ካነበብን በኋላ ቫኑን ጋራዥ ስንወስደው፣ የኋላው ቀኝ ጎማ ጎኑ ላይ አብጦ ተገኘ። በጭነቱ ይሁን በሌላ ምክንያት ሜካኒኩ በእርግጠኝነት አልነገረንም። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ይህች ጽሑፍ በመኪናው ላይ እንድትለጠፍ ያስገደደው ሕግ በከንቱ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ 6.5 ሚሊዮን የፋየርስቶን ጎማዎች እንዲመለሱ ተጠርተው ነበር። ጎማው እየተላጠ መኪኖች እየተገለበጡ ከ200 በላይ ሰዎች አልቀዋል። በዚያው ዓመት ኮንግረስ አዲስ ሕግ አወጣ። «የሰውና የዕቃ ክብደት ከዚህ አይብለጥ» የሚለው ግልጽ ጽሑፍ በበሩ ምሰሶ ላይ እንዲለጠፍ የተደረገው ከዚያ ሕግ በኋላ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ሲሳሳት ሕጉ እንደ ቀላል የማተሚያ ግድፈት አያየውም። አምራቹ ጉድለቱን ካረጋገጠ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ለብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር ማስታወቅ አለበት። ከዚያም በ60 ቀን ውስጥ ለባለመኪናው በፖስታ ይጽፋል። መኪናው መጀመሪያ ከተሸጠ 15 ዓመት እስካልሞላው ድረስ ማስተካከያው በነፃ ነው።

ሕጉ ድርሻውን ተወጥቷል፤ ደብዳቤውም ደርሶናል። የቀረው ፖስታውን መክፈት ነበር፤ ያ ደግሞ የእኔ ሥራ ነበር።

ወደ ዲለሩ ስንሄድ ሥራው ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። አዲስ ጽሑፍ ለጠፉልን፣ አንድ ሳንቲም አልጠየቁንም። ሹፌራችን እየሳቀች «ለዚህች ወረቀት ነው ወዲህ የመጣነው?» አለች። ነገር ግን እህቶቼ፣ አዲሷ ወረቀት መኪናውን አላጠነከረችውም፤ እውነቱን ነገረችን እንጂ። መስተካከል ያለበት ጭነታችን ነው።

ስለዚህ በቦርዱ ስምምነት ይህን አድርገናል። የመሬት ሚዛን ገዝተናል፤ ምንም ዕቃ ሳይመዘን አይጫንም። ሚዛኑን የምትይዘው እህት በየጉዞው ድምሩን በመዝገብ ጽፋ ትፈርማለች። በበዓል ሰሞን በአንድ ጉዞ የምናደርሰውን በሁለት እናደርሳለን። ይህ ተጨማሪ ቤንዚንና ተጨማሪ ሰዓት ይጠይቃል፤ በሚቀጥለው የሒሳብ ሪፖርት ላይም ታዩታላችሁ። ለጋሾቻችን፣ ወጪው ለምን ከፍ አለ ብላችሁ ስትጠይቁን መልሳችን ይኸው ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ መሪውን የያዘችው እህት «ከብዶታል» ካለች ዕቃ ይወርዳል፤ ክርክር የለም። ወረቀት ቢሳሳት እንኳ እሷ ትሰማዋለች።

እናንተስ? እዚህ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ የራሳችሁ መኪና አላችሁ፤ ልጆች የምታመላልሱም አላችሁ። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ሦስት ነገር አድርጉልኝ።

አንደኛ፣ ያልተከፈተ ፖስታ ካለ ክፈቱ። የሪኮል ደብዳቤ በፖስታው ላይ የትራንስፖርት ሚኒስቴሩና የደኅንነት አስተዳደሩ ዓርማ አለበት፤ አስፈላጊ የደኅንነት ጥሪ መሆኑም በትልቁ ተጽፏል። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ወደ ቢሮ አምጡት፣ አብረን እናነባለን። ማፈር አያስፈልግም፤ ያፈርኩት እኔ እበቃለሁ።

ሁለተኛ፣ መኪናችሁን ከሌላ ሰው የገዛችሁ ወይም ቤት የቀየራችሁ ከሆነ ደብዳቤው ወደ ድሮው አድራሻ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ከፊት መስታወቱ ሥር በሾፌሩ በኩል ያለውን ባለ 17 ፊደልና አኃዝ ቁጥር ጽፋችሁ ወደ አስተዳደሩ ስልክ 1-888-327-4236 ደውሉ። ያልተሠራ ሪኮል ካለ ይነግሯችኋል። ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ነጋዴ ሪኮሉን ሳያሠራ እንዳይሸጥ የፌዴራሉ ሕግ አያስገድደውምና፣ ከመግዛታችሁ በፊትም ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ የሾፌሩን በር ከፍታችሁ ያችን ጽሑፍ አንብቡ። ቁጥሩን በስልካችሁ ፎቶ አንሡት። ዕቃ ስትጭኑ የሚሳፈሩትንም ሰዎች ክብደት አብራችሁ ደምሩ፤ ቁጥሩ ሰዎቹንም ይጨምራልና።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶቻችን። እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት ሳይቃጠል ደርሰንበታል። ሹፌራችን ዛሬ እዚህ ከኋላ ተቀምጣለች፤ ያን ቀን አልሰማሁሽምና በሁሉም ፊት ይቅርታ እጠይቅሻለሁ።