ራስን ማወቅና ፍሬ አልባ የሥራ ልማድን መለወጥ
ለሥራ መሪዎች ጉባኤ የቀረበ ዲስኩር



ለዚህ ዲስኩር የተሰጠው ርእስ ሁለት ጉዳዮችን አጣምሯል፤ አንደኛው የሥራ መሪ ራሱን ማወቁ፣ ሁለተኛው ፍሬ የማይሰጠውን የሥራ ልማዱን መለወጡ ነው። ራስን ማወቅ ሲባል በዚህ ስፍራ አንድ ኃላፊ የሥራ ቀኑ በእርግጥ በምን እንደሚያልፍ፣ በእርሱም ምክንያት የትኛው ሥራ እንደሚፋጠንና የትኛው እንደሚጓተት ለይቶ መረዳቱ ማለት ነው። የሥራ ልማድ ደግሞ ሰው ሳያስብበት ደጋግሞ የሚሠራበት መንገድ ሲሆን፣ ፍሬ አልባ የሚባለው ጊዜና ጉልበት እየበላ ለመሥሪያ ቤቱ ዓላማ ምንም ሳይፈይድ ሲቀር ነው። ያልታወቀ ልማድ ሊለወጥ ስለማይችል፣ ማወቁ መቅደም ይኖርበታል።

የመሪን የሥራ ቀን በቅርብ ማጥናት የቆየ ታሪክ አለው። ስዊድናዊው የኢኮኖሚ ምሁር ሱኔ ካርልሶን የኩባንያ ሥራ አስኪያጆች ጊዜያቸውን በምን እንደሚያሳልፉ በዕለት መዝገብ እየተከታተለ ያጠናውን እ.ኤ.አ. በ1951 አሳተመ። ካናዳዊው የሥራ አመራር ተመራማሪ ሄንሪ ሚንትዝበርግም እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት አምስት የበላይ ኃላፊዎችን በሥራ ላይ እንዳሉ ተከታትሎ፣ ከተግባሮቻቸው ግማሽ ያህሉ ዘጠኝ ደቂቃ እንኳ የማይሞሉ፣ ከአንድ ሰዓት የሚያልፉት ደግሞ ከመቶ አሥሩ ብቻ መሆናቸውን አሳየ። በጽሞና ተቀምጦ ያቅዳል፣ ያደራጃል፣ ይቆጣጠራል ተብሎ በመማሪያ መጻሕፍት የሚገለጸው መሪ በመዝገቡ ውስጥ ሲፈለግ አልተገኘም።

ከሁሉም ይልቅ ጉዳዩን አጉልቶ የሚያሳየው በቪየና ተወልዶ በአሜሪካ ያስተማረው የሥራ አመራር ምሁር ፒተር ድራከር እ.ኤ.አ. በ1967 ስለ ውጤታማ ኃላፊ በጻፈው መጽሐፍ ያሰፈረው የአንድ ኩባንያ ሊቀ መንበር ታሪክ ስለሆነ፣ ታዳሚው ጥቂት ቢታገሥና ታሪኩ በዝርዝር ቢነገር ይጠቅማል። ይህ ሊቀ መንበር ጊዜውን በሦስት እኩል ገደማ ከፍሎ፣ አንዱን እጅ ከከፍተኛ ባልደረቦቹ ጋር፣ አንዱን ከዋና ዋና ደንበኞቹ ጋር፣ አንዱን ደግሞ በማኅበረሰብ አገልግሎት እንደሚያሳልፍ ቅንጣት አይጠራጠርም ነበር። ለስድስት ሳምንታት የተያዘው የጊዜ አጠቃቀሙ መዝገብ ግን ከሦስቱ በአንዳቸውም ላይ ይህ ነው የሚባል ጊዜ እንዳላጠፋ አሳየ። አብዛኛውን ሰዓቱን ይበላ የነበረው፣ በግል የሚያውቃቸው ደንበኞች ያዘዙት ዕቃ ከምን ደረሰ እያለ ወደ ፋብሪካው ስልክ መደወል ነበር፤ አብዛኞቹ ትእዛዞች ያለ እርሱም በወጉ ይፈጸሙ ስለነበር የእርሱ መግባት ሊያዘገያቸው እንጂ ሊያፈጥናቸው አይችልም ነበር። ጸሐፊዋ መዝገቡን ይዛ ስትቀርብ አላመናትም፤ ለማመን ሌላ ሁለት ሦስት መዝገብ አስፈለገው።

ሰውየው ሊዋሽ አልፈለገም። የሰው ትውስታ የሠራውን ሳይሆን ሊሠራው ያሰበውን አጉልቶ ሊይዝ ይችላልና፣ የነገረው ዓላማውን ነበር። አሜሪካውያኑ ምሁራን ክሪስ አርጂሪስና ዶናልድ ሾን እ.ኤ.አ. በ1974 ይህንኑ በንድፈ ሐሳብ ደረጃ ሲያብራሩ፣ ሰው እመራበታለሁ ብሎ የሚናገረው መርሕና በተግባር የሚመራበት መርሕ የተለያዩ እንደሆኑ፣ ባለቤቱም ልዩነቱን ብዙውን ጊዜ እንደማያውቀው አመልክተዋል።

በዚህ አዳራሽ ያለ ኃላፊ ሁሉ ነገሩን ከሩቅ አገር ታሪክ ይልቅ ከጠረጴዛው ላይ ካለው የፊርማ አቃፊ ሊረዳው ይችላል። የአንድ ሠራተኛ የዓመት ዕረፍት ጥያቄ ከባለሙያው ወደ ቡድን መሪው፣ ከቡድን መሪው ወደ ዳይሬክተሩ፣ ከእርሱም ወደ ኃላፊው ይወጣል፤ ኃላፊው በኅዳጉ ላይ «በደንቡ መሠረት ይፈጸም» ብሎ ወደ ታች ይመራዋል፤ ደብዳቤው ተጽፎ እንደገና ለፊርማ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ማኅተም ተመትቶበትና የወጪ ቁጥር ተሰጥቶት ከመዝገብ ቤት ይወጣል። ደንቡ አስቀድሞ የወሰነውን ጉዳይ ኃላፊው ሁለት ጊዜ ሲያየው፣ ውሳኔውን የሚጠብቀው ትልቁ የበጀት ጉዳይ ከአቃፊው ሥር ይቀራል፤ ከውጭ ያለው ባለጉዳይም «ስብሰባ ላይ ናቸው» እየተባለ ይመላለሳል። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የሚለው አነጋገር እንዲህ ላለው አሠራር በትክክል ይስማማል። ኃላፊው ሥራ በዛብኝ ሲል እውነቱን ነው፤ የበዛበት ግን የእርሱ ድርሻ ያልሆነው ሥራ ነው።

ጊዜው እየገፋ በመሆኑ ልማድን ስለ መለወጥ የታሰበው ባጭሩ ይቀርባል። አንድ ኃላፊ የሥራ ሰዓቱን ካስመዘገበ በኋላ ድራከር ሦስት ጥያቄዎች እንዲነሡ ይመክራል፤ ይህ ሥራ ጭራሽ ባይሠራ ምን ይጎድላል? ሌላ ሰው ሊሠራው የሚችለው የትኛው ነው? ኃላፊው የሌሎችን ጊዜ በከንቱ የሚያባክነው በምኑ ነው? የመጀመሪያው መልስ ሥራውን ያስቀራል፤ ሁለተኛው በጽሑፍ ውክልና ያስተላልፋል። ሦስተኛው ከባድ ነው፤ የበታች ሠራተኛ አለቃውን ፊት ለፊት «ጊዜዬን አባከኑብኝ» ብሎ አይናገርምና፣ በጥቅሉ ከመጠየቅ ይልቅ እያንዳንዱ ሥራ በኃላፊው ፊርማ ምክንያት ስንት ቀን እንደሚቆም በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ማድረግ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ሲያስተምራቸው ከነበሩት አምስቱ «ማ»ዎች፣ ማለትም ስማቸው በ«ማ» ከሚጀምር አምስት የሥራ ቦታ አያያዝ እርምጃዎች፣ የመጨረሻው ማዝለቅ መሆኑም ሊታሰብ ይገባል፤ በአንድ ወር ዘመቻ የተተወ ልማድ ክትትል ካልተደረገበት በሚቀጥለው ይመለሳል።

ስለዚህ ከዚህ ጉባኤ የሚመለስ ኃላፊ ሁሉ ሌላ የማሻሻያ እቅድ ከማዘጋጀቱ በፊት፣ ለሦስት ወይም ለአራት ተከታታይ ሳምንታት የሥራ ሰዓቱን በየዕለቱ፣ ነገሩ በተከናወነበት ሰዓት፣ ቢቻል በጸሐፊው እጅ እንዲያስመዘግብ፣ በዓመትም ሁለት ጊዜ እንዲደግመው አደራ ይባላል። የሠራተኞቹን የመግቢያና የመውጫ ሰዓት በየዕለቱ የሚያስፈርም መሪ፣ የራሱን ሰዓት ሳይመዘግብ ሌላውን የመቆጣጠር ሙሉ መብት የለውም።