ፀሐዩን በቀን፣ ባትሪውን በማታ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከአባላት አንዷ ያቀረበችው ንግግር፣ ድሬዳዋ)



እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ሶላር ነው። ከመሣሪያው በፊት ግን የራሴን ጥፋት ልናገር። ገንዘብ ያዥ በነበርኩበት ጊዜ ከቁጠባችን አውጥተን የገዛናቸውን ሁለት ባትሪዎች ታስታውሳላችሁ። ዓመት ሳይሞላቸው ሞቱ። «ገንዘባችን የት ገባ?» ብላችሁ ስትጠይቁኝ መልስ አልነበረኝም። ዛሬ መልሱን ይዤ መጥቻለሁ።

የስፌት ክፍላችን ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። የግንቦትና የሰኔን ሙቀት ለድሬ ሰው አልነግረውም። አንዲት ነፍሰ ጡር እህታችን ማሽኑ ላይ እንዳለች ራሷን ስታ ከወደቀች በኋላ ኤሲ አስገባን። ሥራው ተቃና፤ የመብራት ሒሳቡ ግን ከክር ወጪያችን በለጠ። ታሪፉም ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ለአራት ዓመት እንዲቀጥል ተወስኗል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ኤሲውም ማሽኑም አብሮ ይቆማል። ስለዚህ አራት የሶላር ፓነልና ሁለት ባትሪ ገዛን።

ስህተታችን ይህ ነበር። ቀን ቀን ፀሐዩን በሙሉ ወደ ባትሪ እያስገባን፣ ኤሲውን ከመንግሥት መብራት እናስነሣ ነበር። ማታ የዩኒፎርም ትእዛዝ ሲደራረብብን ደግሞ ኤሲውን በባትሪው ከምሽቱ 12 እስከ 4 ሰዓት እናሠራ ነበር። አሁን አብራችሁኝ አስሉ። ኤሲያችን ሲሠራ ወደ 1,000 ዋት ይወስዳል፤ በአራት ሰዓት 4,000 ዋት ሰዓት ማለት ነው። አንዱ ባትሪ 12 ቮልትና 200 አምፔር ሰዓት ስለሆነ፣ ሲባዛ 2,400 ይይዛል፤ ሁለቱ 4,800። «ይበቃል» ብዬ የፈረምኩት በዚህ ሒሳብ ነው። ያላወቅሁት ነገር፣ የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ከግማሹ በላይ በየቀኑ ከተቀዳ ቶሎ ይሞታል። ስለዚህ በደህና የምንጠቀምበት 2,400 ብቻ ነበር። እኛ ግን ማታ ማታ እስኪደርቅ ቀዳነው። በዚያ ላይ ያስቀመጥነው ከቆርቆሮው ሥር፣ ሙቀቱ በሚበረታበት ጥግ ነበር። ባለሙያዎች እንደሚሉት፣ ለእንዲህ ያለ ባትሪ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በ10 ዲግሪ ገደማ ሲጨምር ዕድሜው በግማሽ ያጥራል። ባትሪዎቹን የገደልናቸው እኛው ነን።

ከዚያ በኋላ ሥራውን ከሥሩ ጀመርነው። መጀመሪያ ሙቀቱን ከውጭ አስቀረን። የከዚራን የድሮ ቤቶች ተመልከቱ፤ ሐዲዱ እዚህ በደረሰ ጊዜ ኤሲ አልነበረም። ጣሪያቸው ከፍ ያለ ነው፣ በረንዳቸው ሰፊ ነው፣ መንገዱም የዛፍ ጥላ አለው። እኛም ኮርኒስ አስገባን፣ ቆርቆሮውን ነጭ ቀለም ቀባን፣ በምዕራብ በኩል ያለውን መስኮት በዳስ አጠለልን። ለዚህ ያወጣነው ከአንድ ባትሪ ዋጋ ያንሳል። ኤሲውም አሁን ቶሎ አቀዝቅዞ ያርፋል።

ሁለተኛ፣ በደጋፊዎቻችን እርዳታ ኢንቨርተሩን ቀየርን። አዲሱ በመጀመሪያ ከፀሐይ ይወስዳል፤ ያነሰውን ከመንግሥት መብራት ይሞላል። እስቲ አስቡት፦ ሙቀቱ የሚበረታው ፀሐይ በምትበረታበት ሰዓት ነው። ታዲያ ያንን ኃይል በባትሪ አዙሮ መጠቀም ለምን? ሲገባም ሲወጣም የሚባክን አለ። አራቱ ፓነሎቻችን በወረቀት ላይ 2,000 ዋት ናቸው። በሙቀቱና በአቧራው ምክንያት እኩለ ቀን ላይ የምናገኘው 1,500 ገደማ ነው፤ ይህም ለኤሲውና ለማሽኖቹ ይበቃል። ካውያ ግን ብቻውን የኤሲውን ያህል ይወስዳል። ስለዚህ የምንተኩሰው ጠዋት፣ ኤሲው ሳይከፈት ነው። ፓነሎቹንም ጎህ ሲቀድ እናጥባቸዋለን፤ በጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ አይደፋም።

ሦስተኛ፣ ለባትሪው አቅሙን የሚያህል ሥራ ሰጠነው። ማታ ኤሲ የለም። አራት ቬንትሌተርና አምፖሎቹ ተደምረው 250 ዋት ይወስዳሉ፤ በአራት ሰዓት 1,000 ዋት ሰዓት። አንድ አዲስ ባትሪ ገዝተናል፤ ሲነጋ ከግማሽ በላይ ኃይል ይተርፈዋል። ቦታውም ጥላና ነፋስ ያለበት ነው። ባለፈው ሰኔ የከፈልነው ሒሳብ ታሪፉ ጨምሮም ከካቻምናው ሰኔ ያነሰ ነው። መዝገቡ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እያገላበጣችሁ ተመልከቱ።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ስለሰጣችሁን እናመሰግናለን። ነገር ግን መሣሪያ ብቻ ተሰጥቶ፣ የሚጠግነው ሰው ካልሠለጠነ፣ ሲበላሽ ጣሪያ ላይ የቀረ ጌጥ ይሆናል። ከአባሎቻችን ሁለቱን ሽቦ ማጥበቅና ቮልት መለካት ብታስተምሩልን፣ ከአንድ ተጨማሪ ፓነል ይልቅ ይጠቅመናል።

ለእናንተ ለእህቶቼ ደግሞ ያለኝ ጥያቄ ይህ ነው። ባትሪ እንደ ጫማ ያልቃል፤ በደንብ ብንይዘውም አንድ ቀን መቀየሩ አይቀርም። ስለዚህ ከመብራት ሒሳብ ከምናተርፈው ላይ በየወሩ ግማሹ ለብቻው በተለየ ሣጥን ይቀመጥ፤ ቁልፉም በሦስት ሰው እጅ ይሁን። ለፋሲካም ይሁን ለዒድ፣ ለማንም ሐዘን ቢሆን አይነካ፤ ለዚያ እድራችን አለ። ያኔ ባትሪው ሲሞት ማናችንም አንገታችንን አንደፋም፤ ሣጥኑን ከፍተን እንገዛለን።

ቤታችሁ ሶላር ለማስገባት ያሰባችሁም ብትኖሩ፣ ሻጭ ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት ከጣሪያችሁ ጀምሩ። ከዚያ እያንዳንዱ ዕቃ ስንት ዋት እንደሚወስድና ስንት ሰዓት እንደሚሠራ በወረቀት ጻፉ። ያን ወረቀት ይዛ የሄደችን ሴት ማንም በቀላሉ አያታልላትም። እኔ ያን ቀን ወረቀቱ አልነበረኝም።

አሁን የሣጥኑን ነገር የምትደግፉ እጃችሁን እንድታወጡ ለሰብሳቢያችን አስተላልፋለሁ።